የቦውሊንግ ዘር ማንዘር

ለሽምግልና የሄድነው ሁለት ሆነን ነው። ሦስተኛው የጅቡቲን ሙቀት ፈርቶ ቀረ።

ነገሩ የአልአዛር ነው። የአቶ አምሀን ልጅ ሔርሜላን ሊያገባ ይፈልጋል፤ እሷም ትፈልጋለች። አባትየው ግን ከዚህ በፊት መልሰውኛል። የልጁን ዘር እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው እንከን አላገኙበትም። ያላማራቸው ሥራው ነው። አልአዛር የሚሠራው ወደ ፕላቶ ዱ ሰርፓን ሰፈር በሚወስደው መንገድ ላይ በተከፈተ የቦውሊንግ ቤት ውስጥ ነው።

«ትርጉሙን የማላውቀውን ሥራ ለሚሠራ ሰው ልጄን አልሰጥም» ነበር ያሉት።

ስለዚህ በሁለተኛው ጉዞ ሀይለየሱስን ይዤ ሄድኩ። ጡረታ የወጣ መምህር ነው። አንድ ቃል ካገኘ ሥሩን ሳይነቅል አይተኛም።

ካርቲየ ሰባት ሰፈር፣ አቶ አምሀ ቤት ገባን።

«ተቀመጡ» አሉ አቶ አምሀ።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም» አልኩ።

«እንግዲያው ቁሙ። እግሩ የእናንተ ነው።»

ሀይለየሱስ ጉሮሮውን ጠረገ። «ቦውሊንግ ጨዋታ ነው። ከባድ ኳስ አንከባልሎ የቆሙ እንጨቶችን መጣል ነው።»

«የቆመ መጣል ሥራ ሆነ?»

«ልጁ አይጥልም፤ የሚጥሉት እንግዶቹ ናቸው። እሱ የመጫወቻ ጫማ ያቀብላቸዋል።»

ጫማውን ባያነሳ ይሻል ነበር።

«ቃሉ ግን የተከበረ ነው» አለ ቶሎ ብሎ። «ሥሩ የፈረንሳይኛው ቡል ነው፤ ኳስ ማለት። እንግሊዞች ወሰዱት፣ ጅራት ቀጠሉለት፣ ቦውሊንግ አሉት። ፈረንሳዮች ደግሞ ያንኑ መልሰው አስገቡት።»

አቶ አምሀ ዕድሜያቸውን ወደብ ላይ በትራንዚተርነት፣ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ በማስወጣት ያሳለፉ ሰው ናቸው። ዓይናቸው በራ። «እንደ ቆዳችን ነዋ! ጥሬው ይወጣል፤ ጫማ ሆኖ በዶራሌ ወደብ ይመለሳል። ቀረጡን እኛው እንከፍላለን!»

«እንደሱ ነው!»

እዚህ ላይ ቢያቆም እሺታውን ይዘን በወጣን ነበር። መምህር ግን አያቆምም።

«ፈረንሳይኛውም የራሱ አይደለም። ከላቲን ነው የመጣው። በላቲን ቡላ ይባላል፤ የውኃ አረፋ ማለት ነው።»



«አረፋ» አሉ አቶ አምሀ። «ልጄን ለአረፋ ልትድሩ መጣችሁ።»



ያን ጊዜ የሔርሜላ እናት ወይዘሮ ውብነሽ ከጓዳ ብቅ አሉ። ትውልዳቸው ጉራጌ ነው። «ምን አላችሁት? ቡላ?»

«ቡላ» አለ ሀይለየሱስ።

«አንተ ሰውዬ፣ ቡላ እንዴት ብሎ ነው አረፋ የሚሆነው?» አሉ ባላቸውን። «ቡላ የእንሰት ነው! ሔርሜላን የወለድኩ ጊዜ ምን በልቼ ነው የጠናሁት? የአራስ ምግብ እኮ ነው። ልጁ ገና ሳያገባ ቡላ ቤት ገብቷል፤ ከዚህ ሌላ ምን ምልክት ትፈልጋለህ?»

«የለም፣ ወይዘሮ ውብነሽ፣ የላቲኑ ቡላ...»

እግሩን ረገጥኩት።

አቶ አምሀ አሰቡ። እንደ ሥራቸው ነው ያሰቡት። «ታዲያ ላቲኖቹ ጋ በየት ወደብ ሄደ?»

«በጅቡቲ ነዋ! ሌላ በየት ይወጣል?» አሉ ወይዘሮ ውብነሽ።

አቶ አምሀ ወንበሩን በእጃቸው አሳዩን፤ ተቀመጥን።

«ሰጥቻችኋለሁ» አሉ። «አንድ ነገር ግን ለልጁ ንገሩልኝ። ሰው ሲጠይቀው ሥራዬ የፈረንጅ ነው እንዳይል። ፈረንጅ የወሰደብን ይበቃል።»

ሀይለየሱስ አፉን ከፈተ። እጄን ጉልበቱ ላይ አሳረፍኩ።

«እንነግረዋለን» አልኩ።