በበርበሬው መደብ የተዘራ ኮስሞስ

ቻይነሽ ምራቷ አትመለስም ብላ ክረምቱን ሙሉ ስትሰጋ ከረመች። አምለሰት የፍኖተ ሰላም ልጅ ናት። ሰኔ ላይ "እናቴ ዘንድ ልክረም" ብላ ከቡሬው ገጠር ስትወጣ አላለቀሰችም፣ አልተቆጣችም፤ እንደ እንግዳ አመስግና ሄደች። ቻይነሽን ያስጨነቃት ይኸው ምስጋና ነበር። ከሠርጉ ወዲህ ውሃ አላስቀዳቻት፣ ወጥ አላሠራቻት፤ ከዚህ በላይ ምን ይደረጋል?

አንድ ቀን ብቻ፣ "እናቴ ደጅ የኮስሞስ አበባ አለ፤ ሮዝም ነጭም" ስትል ሰምታታለች። ስለዚህ የቡሬን ትምህርት ቤት ዘበኛ ለምና ዘሩን አመጣችና የበርበሬ መደቧን ለቀቀችለት። ፍግ አለበሰችው። ኮስሞሱ ቅጠሉ እንደ እንስላል እየተንዠረገገ የሰው ቁመት አከለ። አበባ ግን የለም።

"ማሽላሽ መቼ ነው የሚያሸተው?" አለ ባሏ ቸኮለ።

"ዝም በል፣ ያብባል!"

"ካላበበ ለላሟ ስጫት። እሷ እንኳ ትመርቅሻለች።"

ቻይነሽ በንዴት አንድ ቅርጫት ፍግ ጨመረች።

የሚሌኒየሙ መስቀል ባለፈ ማግስት ልጇ ተስፋው ሚስቱን ይዞ መጣ። አምለሰት የአማቷን ጉልበት ስማ ቀና ስትል መደቡን አየች።

"ላንቺ ብዬ ነበር" አለች ቻይነሽ አፍራ። "ዘሩ መካን ነው መሰለኝ።"

አምለሰት ከሥሩ አፈር ዘግና አሸተተች። ሳቋ አመለጣት።

"እማማ፣ ፍግ ሰጥተውታል?"

"ከበርበሬዬ ቀንሼ!"

"ሲጠግብ እኮ ቅጠል ብቻ ነው። እሱ የሚወደው ጭንጫ ነው።"

ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሸርጣ ዶማ አነሳች። ቻይነሽ ልትቀማት እጇን ዘረጋች።

"ተዪው፣ ተስፋው ይቆፍረዋል፤ አንቺ ከመንገድ ነሽ።"

"ይተዉኝ፣ እማማ። እዚህ ቤት እስከ ዛሬ የያዝኩት ማንኪያ ብቻ ነው።"

ቻይነሽ እጇን ሰበሰበች።

አምለሰት ከአጥሩ ሥር ጠጠራማውን መሬት ጫር ጫር አደረገችና ከእናቷ ደጅ ለቅማ ያመጣችውን ዘር ከመሐረቧ ፈትታ በተነች።

"ዝናቡ ሊያቆም ነው" አለ ቸኮለ። "አሁን ተዘርቶ መቼ ሊያብብ?"

"ለገና ይደርሳል፣ አባባ። ውሃውን እኔ እቀዳለሁ።"

ለገና። ቻይነሽ ቃሉን በልቧ ደገመችው። ጓዳ ገብታ ጀሪካኑን አመጣችና ለምራቷ ሰጠቻት።

"ወደ ምንጩ ቁልቁለቱ ያዳልጣል" አለቻት። "ቀስ ብለሽ ውረጅ።"