ያልተመዘገበችው ሳጥን

ሙሐመድአሚን ከሰኞ ጀምሮ መቀመጫ አልረጋ ብሎታል። ሱቁ በር ላይ ይቆማል፣ ይገባል፣ ደግሞ ይወጣል። ማሾ ሲወደድ የመካነ ሰላምን ማሾ ሁሉ በብድር ገዝቶ ያከማቸ ሰው ዋጋው ሲወድቅ አብሮ መውደቁ ምን ይደንቃል? አበዳሪዎቹ በሩን ሊነቅሉበት ሲደርሱ ፍርድ ቤት ሄዶ «ከስሬያለሁ፣ ጠብቁኝ» አለ። ፍርድ ቤቱም ጠበቀው፤ እዳው ተጠንቶ አከፋፈሉ እስኪወሰን ማንም ሱቁን እንዳይነካ አዘዘ። በምላሹ የጠየቀው አንድ ነገር ነው፦ በእጅህ ያለውን ሁሉ አሳይ፣ የተጠየቅከውን ሳትደብቅ መልስ። ከደበቀ ጥበቃው ይነሳል፣ ሱቁም ቤቱም በሐራጅ ይሸጣል።

ለሌላ ሰው ይህ ቀላል ነው። ሙሐመድአሚን ጓዳ ግን ከጆንያዎቹ ጀርባ አንዲት የቆርቆሮ ሳጥን ነበረች።

ሳጥኗ የእሱ አይደለችም። የከላላዋ እትዬ በለጥሻቸው የባላቸውን አርባ ባወጡ ማግስት በበቅሎ ጭነው አምጥተው «አማና» ብለው በአደራ የሰጡት ናት። ቁልፏን ማተባቸው ላይ አስረው ሄዱ። ውስጧ ምን እንዳለ አልነገሩትም፣ እሱም አልጠየቀም። አማና አይከፈትም፣ አይወራም። ከአባቱ ዘመን ጀምሮ እስላሙም ክርስቲያኑም እዚያ ጥግ የሚያስቀምጠው ለዚሁ ነው። እሱ መንገዳገድ ሲጀምር ሌሎቹ የየራሳቸውን ወሰዱ፤ እትዬ በለጥሻቸው ብቻ አልመጡም። ሲሰጡት የተናገሩት እንዲህ ነበር፦ «የልጄ የሥርጉት ናት። የሟቹ ወንድም ፈንታው እንዳይሰማ፤ ውርሴ ነው ብሎ ይነጥቃታል።»

ይኸው ፈንታው ደግሞ ከሙሐመድአሚን አበዳሪዎች አንዱ ነው። የንብረቱ ዝርዝር የሚነበበው በአበዳሪዎቹ ፊት ነው። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኼ ነው።

ሰኞ ዕለት ፍርድ ቤቱ የሾማት ንብረት ጠባቂ ራሄል ለቆጠራ ሐሙስ እንደምትመጣ አስታወቀች። ረቡዕ በጠራራ ፀሐይ ሙሐመድአሚን ሳጥኗን በባዶ ጆንያ ጠቅልሎ ታላቅ እህቱ ሩቂያ ቤት አደረሳት። አያችሁልኝ ጅልነቱን! የከሰረ ሰው በቆጠራ ዋዜማ ከሱቁ ዕቃ ሲያሸሽ ምን እንደሚባል ሕፃን ያውቃል። እሱ ግን አማና ያዳነ መስሎት ደረቱን ነፍቶ ተመለሰ።

ሐሙስ ራሄል ሚዛኑን፣ ጣቃውን፣ የነቀዘውን ማሾ ሳይቀር መዘገበች። ስትጨርስ ቀና አለች።

«የቀረ ነገር አለ፣ አቶ ሙሐመድአሚን? የሌላ ሰው ንብረት ቢሆንም እርስዎ ዘንድ ካለ ይነገራል።»

«የለም።»

«እንግዲያው እዚህ ላይ ይፈርሙ።»

ፈረመ። ከዚያች ሰዓት ወዲህ ሲሰግድ ስንተኛው ረከዓ ላይ እንዳለ ይጠፋበታል። ሰው በሩ ላይ ካለፈ ራሄል ትመስለዋለች፤ ስልኩ ከጮኸ ፈንታው ይመስለዋል። ቅዳሜ መቋቋም አቃተውና ለሩቂያ ሄዶ ነገራት።

«ሲጠይቁህ የለም አልክ?» አለች።

«አማና እኮ ነው!»

«የፈረምክበት ቃልስ አማና አይደለም? ወላሂ ቤቴን የሌባ ጓዳ አታደርጋትም። አንሳት!»

ሳጥኗን ተሸክሞ በቅዳሜ ገበያ መሐል አለፈ። የሚያውቀው ሁሉ «ምን ተገኘ?» ይለዋል፤ እሱ አይመልስም። በጣም አፍሯል። ራሄል ቢሮ ገብቶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጣት።

«ዋሽቻለሁ» አላት። «የእኔ አይደለችም፤ ግን እኔ ዘንድ ነበረች።»

«የማን ናት?»

«ባለቤቷን ሳላስፈቅድ ስም አልጠራም።»

«ይደውሉ። እኔ ፊት።»

ደወለ፤ የሆነውን ሁሉ፣ ዝርዝሩ ማክሰኞ ችሎት ላይ እንደሚነበብም ሳያስቀር ነገራቸው። እትዬ በለጥሻቸው «ማክሰኞ እመጣለሁ» ብለው ዘጉት።

ማክሰኞ በዳኛው ፊት ራሄል ዝርዝሩን አነበበች፤ ሳጥኗንም፣ ውሸቱንም። ፈንታው ከመቀመጫው ተፈናጠረ። «የተደበቀ ንብረት ነው! ጥበቃው ይነሳ!»

ይኼኔ እትዬ በለጥሻቸው የመንገድ አቧራ እንደለበሱ ገቡ። ማንንም ሳያዩ ቁልፉን ከአንገታቸው ፈትተው ሳጥኗን ከፈቱ። ሁለት የወርቅ ቀለበትና በሥርጉት ስም የወጣ የቤት ካርታ ወጣ። ፈንታው ካርታውን አንብቦ ሲጨርስ ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

ዳኛው ወደ ሙሐመድአሚን ዞሩ። «ራስዎ መጥተው ባይናገሩ ኖሮ ዛሬ ሱቅዎ ለሐራጅ ነበር። ጥበቃው ይቀጥላል። ሁለተኛ ግን ምሕረት የለም።»

ሙሐመድአሚን ከስንት ቀን በኋላ ተነፈሰ። ደጅ ሲወጡ ሩቂያ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር፤ እሱ ሳጥኗን ወደ ጓዳው ሊመልስ እጁን ዘረጋ። እትዬ በለጥሻቸው ሳጥኗን ወደራሳቸው ሳቧት።

«ተወው፤ አማናዬን ሩቂያ ትያዝልኝ።»

«እትዬ፣ የዋሸሁት እኮ ለእርስዎ ብዬ ነው!»

«አውቃለሁ ልጄ፣ አላህ ይስጥህ። ለእኔ ብለህ የዋሸህ ግን፣ ነገ ለሌላ ሰው ብለህ እኔን ትዋሸኛለህ።»

ብቻውን ወደ ሱቁ ተመለሰ። ሚዛኑም ጣቃውም በየቦታቸው ናቸው፤ የነካቸው የለም። ከጆንያዎቹ ጀርባ ያለው ጥግ ግን ከአባቱ ዘመን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የማንንም አማና የማይጠብቅ ባዶ ጥግ ነበር። ሙሐመድአሚን ተቀመጠ፣ ተነሳ፣ ደግሞ ሄዶ አየው።