የቀጭኔ አልባሳት ታሪክ

ወንድሟ ዓይኑን በጨው አጥቦ የመጣው በሥራ ሰዓት ነው። እሷ በሆስፒታሉ የልብስ ስፌት ክፍል ተቀምጣ የተቀደደ አንሶላ ትጠግን ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ ተዘጋግተው ኖረው፣ በሩ ላይ ቆሞ «እትዬ፣ እንዴት ነሽ?» አላት፤ ትናንት አብረው ምሳ የበሉ ይመስል።

ቀና አላለችም። «ታመህ ከሆነ ሐኪሞቹ ፎቅ ላይ ናቸው» አለችው።

አጠገቧ ልብስ የምትተኩሰው ሴት ሳቋን ዋጠች። እሱ ግን ወንበር ስቦ ተቀመጠና ከቦርሳው ባለቀለም ወረቀቶች አወጣ። የሱቁን ሃያ አምስተኛ ዓመት ሊያከብር ነው። ሰባት ቅርንጫፍ ያለው «ቀጭኔ አልባሳት» የታሪክ መጽሐፍ ሊያሳትም ነው። ረቂቁን እንድታይለት ይፈልጋል። ከሁሉ በላይ ደግሞ እሷ የሰፋቻትን የመጀመሪያዋን ቀሚስ ይፈልጋል፤ ትልቁ ሱቅ ውስጥ በመስታወት ሳጥን ሊያስቀምጣት። ቀሚሷ እንደምትታይ የጥሪ ካርዱ ላይ ሳይቀር አሳትሟል።

የስፌት መኪናዋን አቆመችና የመጀመሪያውን ገጽ ጮክ ብላ አነበበች። «መሥራቹ በወጣትነቱ ሜዳ ላይ ያያት አንዲት ቀጭኔ በሞገሷ ልቡን ማረከችው።»

«የትኛው ሜዳ ነው?» አለችው።

«እትዬ፣ ይሄ እኮ የማስታወቂያ ቋንቋ ነው።»

«አንተ ቀጭኔ ያየኸው እናታችን ሳሎን ውስጥ ነው። ሻይ ይዤ ስገባ።»

እውነቷን ነው። በአሥራ አራት ዓመቷ አባቷን በቁመት በልጣዋለች። አንድ እሑድ እንግዶች በተቀመጡበት ሻይ ይዛ ስትገባ፣ ያኔ ዘጠኝ ዓመት የሞላው ይኸው ወንድሟ «ቀጭኔ መጣች! ጎንበስ በይ፣ አምፖሉን እንዳትሰብሪው!» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ፤ አባቷም አብሮ ሳቀ። ነገሩ ከቤት ወጥቶ ትምህርት ቤት ገባ። «ዝናቡ የት ደርሷል? እስቲ ከላይ ሆነሽ ንገሪን» ይሏታል። ጎብጣ መሄድ ለመደች። ወገቧን እስከ ዛሬ ያማታል።

ቀሚሷም የመጣችው በዚሁ ጣጣ ነው። የተገዛ ቀሚስ ሁሉ ጉልበቷ ላይ ይቀርባታል። በሃያ አራት ዓመቷ አንድ ጥቁር ቀሚስ ገዝታ፣ ከታች ሁለት ስንዝር የሚሆን ነጭና ሰማያዊ መስመር ያለው ጨርቅ ቀጠለችበት። ለውበት ብላ አልነበረም፤ ሌላ ጨርቅ ስላልነበራት ነው። ሴቶች ግን መንገድ ላይ እያስቆሙ «ከየት ገዛሽው?» አሏት። ወንድሟ ያኔ ገበያው ውስጥ ጠባብ ሱቅ ነበረችው። አሥር ስፊልኝ አላት፣ ሰፋችለት። ሠላሳ አላት፣ ሰፋችለት። አንድ ቀን ያለቀላቸውን ተሸክማ ስትመጣ ከበሩ በላይ አዲስ ሰሌዳ ተሰቅሎ አየች፦ «ቀጭኔ»።

«አውርደው» አለችው።

«በፍቅር እኮ ነው!»

«አውርደው አልኩህ።»

አላወረደውም። ቀሚሶቹን ደጃፉ ላይ ጥላለት ሄደች። እሱም በሳምንቱ ሌሎች ሰፊዎች ቀጠረና ያንኑ ባለመስመር ቅጣይ እያሰፋ ከበረበት። ከዚያ በኋላ የሚገናኙት በሠርግና በቀብር ነበር። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ደግሞ ያም ቀረ።

አሁን ወረቀቱን አጣጥፋ መለሰችለት። «ቀሚሷን ራሴ አመጣታለሁ። ግን በበዓሉ ላይ ቀሚሷም ስሙም ከየት እንደመጡ የምናገረው እኔ ነኝ።»

ፊቱ ጠቆረ። «በእንግዶቼ ፊት ልታዋርጂኝ ነው?»

«እኔ በእንግዶች ፊት ተዋርጄ አልሞትኩም። አንተም አትሞትም።»

ካርዱ አንዴ ተበትኗልና ጥርሱን ነክሶ እሺ አለ።

በበዓሉ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ትልቁ ሱቅ በሰው ጢም ብሎ ሞልቶ፣ ቀጥ ብላ ቆመች። ማይክሮፎኑን ሁለት ጊዜ ከፍ አደረጉላት። ሳትጨምር ሳትቀንስ ተናገረች። «ይህ ስም ስድብ ነው» አለች በመጨረሻ። «የሰደበኝም ይኸውና፣ ከረባት አስሮ ቆሟል።»

ወንድሟን ላብ አጠመቀው። ከዚያ ከኋላ አንዲት ረጅም ወጣት እያለቀሰች አጨበጨበች፤ እንግዳውም ሁሉ ተከትሏት ተነሣ። ይሄኔ ወንድሟ ፈጠን ብሎ መጣና ካሜራ ፊት አቀፋት።

«እጅህን አንሳ» አለችው በጥርሷ መሐል።

ያም ሆኖ ቤቷ ስትገባ ቀለላት። ስምንት ቀን ያህል ደህና እንቅልፍ ተኛች። በዘጠነኛው ቀን ከአውቶቡስ ስትወርድ የራሷን ፊት የትልቁ ሱቅ ግድግዳ ላይ አየችው፤ ሁለት ፎቅ ያህላል። ሥሩ «ቀጭኔ አሏት፤ ኮራችበት» ይላል። በሩ ላይ ሴቶች ተሰልፈዋል።

ሳታንኳኳ ቢሮው ገባች። «ማን ፈቀደልህ?»

«ያልሽውን ነው የጻፍኩት! ሜዳው ይቅር አልሽ፣ ቀረ። እውነቱ ይነገር አልሽ፣ ተነገረ። አሁን ደግሞ ምን ጎደለ?»

«ማን ነው የኮራው? ደግሞስ “አሏት” ማለት ምን ማለት ነው? እነማን ናቸው ያሉኝ?»

ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ወረቀቶች መደርደር ጀመረ።

«ንገረኝ እንጂ! እነማን?»

«እሱ… ለማስታወቂያ አይመችም።»

«ይቅርታ ማለትስ? እሱም አይመችም?»

«ልጅ ነበርኩ!» ብሎ ጠረጴዛውን መታ።

«ሰሌዳውን ስትሰቅል ጢም ነበረህ።»

ወርዳ የመስታወቱን ሳጥን ከፈተችና ቀሚሷን ከማሳያው አሻንጉሊት ላይ ገፈፈቻት። ጥበቃው መንገድ ዘጋባት። «የኔ ናት» አለችው ቀሚሷን ቁመቷ ላይ ለክታ እያሳየችው። «ሌላ ማን ይሆናታል?» ሰውየው ቀና ብሎ አያትና በሩን ከፈተላት። ወንድሟ ከደረጃው ላይ «ሁለተኛ እዚህ ድርሽ እንዳትዪ!» እያለ ይጮሃል።

በሦስተኛው ቀን ልብስ ተኳሿ ወሬ ይዛ መጣች። ሳጥኑ ባዶ አይደለም። ያንኑ የሚመስል ቀሚስ ሰፍተው፣ ያረጀ እንዲመስል አጥበው አደብዝዘው፣ «የመጀመሪያዋ ቀሚስ» ብለው ጽፈውበታል። ያኔውኑ ደወለችለት።

«ውሸት ነው» አለችው።

«ማን ያውቃል?» ብሎ ጆሮዋ ላይ ዘጋው።

መጽሐፉ ሲታተም አንድ ቅጂ በፖስታ ላከላት። ሳትከፍት መለሰችው። ደግሞ ላከ፣ ደግማ መለሰች። በሦስተኛው ራሱ ይዞት ሆስፒታሉ በር ላይ መጣ። እሷ አስቀድማ እንዳያስገቡት ነግራ ነበርና፣ ውጭ ቆሞ «ምቀኛ! ሰው አልፎለት ማየት አትወጂም!» እያለ ሲሳደብ በመስኮቱ ይሰማል።

ተኳሿ ካውያዋን አስቀመጠች። «የናትሽ ልጅ አይደል እንዴ?»

«ነው እንጂ» አለች ክር እያስገባች። «ባዳ ቢሆንማ ድሮ ረስቼው ነበር።»

ሩብ ሰዓት ያህል ጮኸና ሄደ። ከዚያ ወዲህ አልተያዩም።