የማዳሜ አያትና የእሑድ ፈቃዴ

ዐረብ አገር፣ ሐዝሚዬ በሚባል ሰፈር፣ በምሠራበት ቤት ሳሎን ውስጥ አንድ አሮጌ ፎቶ አለ። ፈረንሳዮች አገሩን ይገዙ በነበረበት ዘመን የተነሣ ነው፤ የእስር ቤት ግቢ፣ ገመድ የተንጠለጠለበት እንጨት፣ ከሥሩ እጁን የፊጥኝ የታሰረ ባለ ነጭ ሸሚዝ ሰው። አጠገቡ ወታደሮች፣ አንድ ቄስ፣ ጠርቡሽ ቆብ የደፋ፣ ወረቀት የሚያነብ ጸሐፊ። የታሰረው ሰው የሚያየው እግሩን ነው። ዘጠኝ ዓመት አቧራቸውን ስጠርግ ሁሉንም እንደ ጎረቤት ለምጃቸዋለሁ።

«ነጭ ሸሚዝ የለበሰው አያቴ ኢብራሂም ነው፤ ሰማዕት» ትላለች ማዳሜ ለመጣ እንግዳ ሁሉ። እንግዶቹ ከንፈራቸውን መጠጥ ያደርጉና ወደ ኬካቸው ይመለሳሉ።

የእሑድ ፈቃዴም የመጣው ከእሱ ነው። ስቀጠር መውጣት የለም ተብዬ ነበር። ሁለት ዓመት ታገሥኩና አንድ ቀን፣ እኛ ዘንድ የሞተ ሰው ስሙ ቤተ ክርስቲያን ይጠራለታል፣ ብሄድ የአያትሽንም አስጠራለሁ አልኳት። አሰበችበት።

«እስከ ቀትር» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ በየእሑዱ ከእናቴ ስም ሥር ኢብራሂም ብዬ እጽፋለሁ።

ዘንድሮ በዐቢይ ጾም የፎቶው መስቀያ ተነቀለና መስታወቱ ተሰበረ። ከፍሬሙ ሳወጣው ጀርባው ላይ በዐረብኛ ተጽፎበታል። ማዳሜ መነኮሳይያት ጋ በፈረንሳይኛ የተማረች ናት፤ የዐረብኛ ንባብ አይሆንላትም፤ ዓይኗም ደክሟል። እኔ ፊደሉን የለቀምኩት ከመድኃኒት ካርቶንና መስኮት ከምወለውልበት ጋዜጣ ነው።

«የጅዶ ስም አለበት?» አለች፤ አያቷን ማለቷ ነው።

«አለ ማዳም።»

«ያላ፣ አንብቢልኝ።»

መጀመሪያ በዓይኔ አነበብኩት። በሆዴ እሑዴን ተሰናበትኩት። መዋሸት ይቻል ነበር፤ ግን ጾም ነው፣ የታሰረው ሰውም እጄ ላይ ነው።

«ፍርዱን የሚያነበው የእስር ቤቱ ጸሐፊ ኢብራሂም፤ የሚሰቀለው ናሲፍ የሚባል ዳቦ ጋጋሪ፣ ይላል።»

ፎቶውን ተቀብላ ዓይኗ ድረስ አስጠጋችው። ነጠላዬን አጥፌ ሻንጣ ውስጥ ስከት ታየኝ።

«አፍንጫው የእኛ ነው» አለች በመጨረሻ፣ ጣቷን ጸሐፊው ላይ አድርጋ። ቀጥላም፣ «ቤተ ክርስቲያናችሁ ስንት ሰዓት ነው የሚዘጋው?»

«ቅዳሴው ቀትር ላይ ያልቃል ማዳም። ትምህርቱ እስከ ማታ አለ።»

«እስከ ማታ ቆዪ። ሰማዕት ሲሆን፣ ያኒ፣ ትንሽ ጸሎትም ይበቃዋል። ይኼኛው ግን...» አልጨረሰችውም። «ለሰው አይነገርም፣ ኸላስ፣ በቃ።»

ለቆንጂት ብቻ ነገርኩ። ቆንጂት ኦዛይ ሰፈር የምትሠራ፣ በወር አንድ እሑድ ብቻ የምትወጣ ጓደኛዬ ናት። ከቅዳሴ በፊት ደረጃው ላይ ተቀምጠን እስክጨርስ ሰማችኝ።

«እትዬ ሸዋረገድ፣ የእኔዋ ማዳም ዘር ማንዘሯ ጻድቅ ነው መሰለኝ» አለች። «ለዚህ ነው በወር አንዴ የምታስወጣኝ። እስቲ አንድ ኃጢአተኛ አያት ፈልጊላት።»

ስቄ ወረቀቴን አወጣሁ። ከኢብራሂም ስም በላይ ናሲፍ ብዬ ጨመርኩና ለዲያቆኑ ሰጠሁት።

«የክርስትና ስሙ ነው?» አለኝ።

«እሱን አላውቅም» አልኩት። «ዳቦ ጋጋሪ ነበር።»