ለጋሽ ኦርቪል የሚሆን ጠመንጃ

ጋሽ ኦርቪል አራተኛውንም ጠመንጃ ገፋ አድርገው ባንኮኒው ላይ ሲያጋድሙት ልጃቸው ማርቫ ጥርሷን ነከሰች። "ጠባብ ነው" አሉ፣ ለፊተኞቹ ሦስቱ ያሉትን ቃል ሳይለውጡ። ባለሱቁ ዴንተን መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለና መልሶ አደረገው። እሱ ሆኖ ነው እንጂ፣ ማርቫ ብትሆን ኖሮ ሱቁን ዘግታ ወደ ምሳዋ ትሄድ ነበር።

አደኑ የሚከፈተው ቅዳሜ ነው። ኤልክን፣ ያን ፈረስ የሚያህል አጋዘን፣ ለመምታት ፈቃዱ የሚገኘው በዕጣ ነው፤ ጋሽ ኦርቪል በየዓመቱ ስማቸውን ሲያስገቡ ኖረው ኖረው ዘንድሮ ወጣላቸው። ሰባ ስምንት ዓመታቸው ነው። ከዚህ በኋላ ሌላ ዕጣ መጠበቅ ላም አለኝ በሰማይ እንደሆነ እሳቸውም ማርቫም ያውቁታል፤ ግን አያወሩበትም።

ፈቃዱ ደግሞ በአፈሙዙ ለሚጎርስ ጠመንጃ ብቻ ነው፤ ባሩዱን ከላይ አፍስሰህ፣ ጥይቱን በዘንግ ጠቅጥቀህ የምትተኩሰው የጥንቱ ዓይነት። ፕላስቲክ የለበሰች ቀጭን ጥይት በዚያ ወቅት ክልክል ናት፤ የቱቦውን ስፋት ሞልታ የምትገባ ድፍን እርሳስ መሆን አለባት። ጋሽ ኦርቪል በገዛ እጃቸው የሠሩት ጠመንጃ ቤት አላቸው፤ ግን የተሠራው ለድብልብል ጥይት ነው፣ ድብልብሏ ደግሞ ለሚዳቋ እንጂ ለኤልክ አጥንት አትሆንም ባይ ናቸው። ቱቦው ውስጥ የተቀረጸው ጠመዝማዛ ጭረት ዝግ ብሎ ስለሚዞር ረጅሟን ሾጣጣ ጥይት አሽከርክሮ ቀጥ አድርጎ አይሰድዳትም። በበጋ ሲሞክሩት ጥይቷ ኢላማውን በጎኗ መታችው፤ ወረቀቱ ላይ የቀረው ቀዳዳ የቁልፍ ቀዳዳ ይመስል ነበር። መጀመሪያ ባሩዱን ወቀሱ፣ ቀጥሎ ነፋሱን፣ በመጨረሻም ማርቫ ስላስነጠሰች ነው አሉ።

ዴንተን እንደገና አስረዳ። ሾጣጣ ጥይት በአውራ ጣት ጠበቅ ተደርጋ ስትገፋ መግባት አለባት፤ ከገባች በኋላ ደግሞ ባሩዱ ላይ ተቀምጣ ንቅንቅ ማለት የለባትም። የመጀመሪያው ጠመንጃ ይህን ያሟላል፤ ሦስተኛውማ ለዚህች ጥይት ተብሎ የተሠራ ነው፣ ጭረቱ ቶሎ ቶሎ የሚዞር፣ ምላጩ ለስላሳ። ማርቫ ስትሞክረው ትከሻዋ ላይ ልክክ ብሎላት ነበር። አባቷ ግን ጥይቷን አፈሙዙ ላይ ያስቀምጡና በአውራ ጣታቸው ነካ አድርገው "ጠባብ" ብለው ይመልሱታል።

ከዚያ ጥግ ላይ የቆመችውን አሮጌ ጠመንጃ አነሡ። ጥይቷ ገፋ እንኳን ሳትደረግ ሸርተት ብላ ገባች። ፊታቸው በራ።

"ይቺ ናት" አሉ።

"ጋሽ ኦርቪል፣ ይቺ እኮ ብዙ የተተኮሰባት ናት፣ ሰፍታለች" አለ ዴንተን። "ቁልቁል ካዘነበሏት ጥይቷ ትወጣለች። እሺ፣ ከወደዷት ወፈር ያለ ጥይት ልስጥዎት፤ ያኔ ትይዛለች።"

"ወፍራም አልፈልግም።"

"አባዬ፣ የሚልህን ስማው እንጂ" አለች ማርቫ።

"እኔ ይህን ሥራ ስጀምር ሁለታችሁም ገና አልተወለዳችሁም።"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። ማርቫ በአባቷ ላይ አፏን ማላቀቅ ከብዷት ነው እንጂ ተረቱ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። አሮጌዋን ገዝተው ሲወጡ ዴንተን ወፍራሞቹን ጥይቶች በትንሽ ካርቶን አድርጎ፣ አባቷ ሳያዩ፣ እጇ ላይ አኖረላት።

ቅዳሜ ማለዳ ዝናብ ያካፋ ነበር። ጋሽ ኦርቪል ባሩዱን ለክተው ሲያፈስሱ ማርቫ ላግዝህ ብትላቸው በዐይናቸው ገረፏት። በዚያ አገር አዳኝ ጠመንጃውን ራሱ ያጎርሳል፤ ሌላ ሰው ባጎረሰው የሚተኩስ የአዳኞች ክለቡ መሳቂያ ነው። አጎረሱና፣ ውሃ እንዳይገባባት ብለው፣ አፈሙዟን ወደ ታች አድርገው አነገቷት። የማርቫ ደም ፈላ።

"አባዬ፣ ዴንተን ያለህን..."

"ዝም በይ፣ ኤልክ ጆሮ አለው።"

ለእሳቸው መናገር ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው። የልቧን በልቧ እየተሳደበች ዳገቱን ከኋላቸው ወጣች።

ኤልኩ ከጥዱ ውስጥ ብቅ አለና ጎኑን ሰጥቶ ቆመ። ጋሽ ኦርቪል ተንበረከኩ፤ ባሩዱን የምታቀጣጥለውን ትንሽ መለኮሻ ገጠሙ፣ አነጣጠሩ፣ ምላጩን ሳቡ። መለኮሻዋ ጧ አለች፤ ሌላ ምንም የለም። ጥይቷም ባሩዱም ዳገቱ ላይ አንድ ቦታ ተዘርግፈው ቀርተዋል።

ኤልኩ ጆሮውን አቆመ እንጂ አልሄደም። ማርቫ ንዴቷን ዋጥ አድርጋ የዴንተንን ካርቶን አወጣች። አባቷ አዲስ ባሩድ አፈሰሱ፤ ወፍራሟን ጥይት አፈሙዙ ላይ አስቀምጠው በአውራ ጣታቸው ገፉ። አልገባችም። እንደገና ገፉ። የጣታቸው መገጣጠሚያ አብጦ ወደ ጎን ጠምሟል፤ በገፉ ቁጥር ከንፈራቸው ይነጣል። በመዳፋቸው ሞከሩ። ጥይቷ ተንሸራትታ ሣሩ ላይ ወደቀች።

ኤልኩ ዞሮ፣ ሳይቸኩል፣ ወደ ጥዱ ገባ።

ማርቫ ያን ጊዜ ገባት። አራቱ ጠመንጃዎች ምንም አልነበረባቸውም። ባለፈው በብልቃጥ ያመጣችላቸው የኮክ ማርማላታ እንደታሸገ መደርደሪያው ላይ የተቀመጠው ለካ ክዳኑን መክፈት አቅቷቸው ነው፤ "ጣፋጭ ትቻለሁ" ሲሏት አምናቸው ነበር። አዘነች፤ ንዴቷ ግን አለቀቃትም።

"ሱቅ ውስጥ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?"

"ዴንተን እያየ?"

"ያን የመሰለ ኤልክ ሄደ እኮ፣ አባዬ።"

"አይቻለሁ። ዐይኔ ደህና ነው።"

ከዚያ ጋሽ ኦርቪል ጥይቷን ከሣሩ ላይ ለቀሙ፣ በሱሪያቸው ጠረጓት፤ የጠመንጃዋን ሰደፍ መሬት አስነክተው አፈሙዟን ወደ ልጃቸው አዘነበሉ። ፊቷን አላዩም።

"አጉርሺልኝ" አሉ።

ማርቫ በአውራ ጣቷ ገፋች። ጥይቷ ጠበቅ ብላ ገባች። በዘንጉ ጠቀጠቀቻት፤ አባቷ ጎንበስ ብለው ዘንጉ እስከ ምልክቱ መውረዱን ራሳቸው አዩ። ጠመንጃዋን አፈሙዟን ቁልቁል አድርገው አነገቱና ኤልኩ ወደገባበት ጥድ መራመድ ጀመሩ። ማርቫ ከኋላ ሆና አፈሙዙን ብታይ ብታይ ምንም አልወደቀም።

"ሦስተኛው ጠመንጃ ነበር የሚሻለው" አሉ ጋሽ ኦርቪል፣ ወደ ኋላ ሳይዞሩ።