ለባል ሚስቱ ምኑ ናት?

ተመስገን! ባሌ ረጋሳ ዛሬ ሮቤ ቤታችን ደጃፍ ላይ ፀሐይ እየሞቀ ሲነጫነጭ በሰማሁ ቁጥር፣ ያቺን የጋዜጣ መስቀለኛ ቃላት እመርቃለሁ።

ከሲናና ሲመለስ ፈረስ ጣለው። ጎባ ሆስፒታል ዓይኑን ገልጦ ተኛ፤ ቃል ግን አይወጣውም። «አውሪው፣ ማሚቱ፣ ይሰማሻል» አለችኝ ሲስተር አሰፋች።

ምን ላውራው? በደህናው ጊዜስ መቼ ሰምቶኝ ያውቃል! በእኛ ወግ ባልና ሚስት ስም አይጠራሩም፤ እኔ «አባ ጫሊ» እለዋለሁ፣ እሱ በልጃችን «ሀዳ ጫሊ»፣ የጫሊ እናት፣ ይለኛል። ጫሊ ከተወለደ ወዲህ ስሜን ከአፉ አልሰማሁም። የሚያቀራርበን መስቀለኛ ቃላት ነው። እኔ ጥያቄውን አነባለሁ፣ እሱ ይመልሳል። የተሳሳተ መልስ ሲሰማ ደግሞ እሳት ጎርሶ እሳት ለብሶ ይነሳል።

ጋዜጣውን ይዤ ሄድኩ። ጥያቄው ሁሉ ስለ ፍቅርና ትዳር ነው። በትክክል እየመለስኩ ባነብለት ዝም! እንዲህ ሆኖ ሊቀር ነው አልኩ። ቀጥሎ ግን ንዴቴ መጣ። ቆይ፣ አሳይሃለሁ!

«አግድም። ልጅቷን እንዲጠይቁ የሚላኩ፣ አራት ፊደል። ፖሊሶች!» ብዬ ጮህኩ።

ቅንድቡ ተነቃነቀ።

«ኧረ ሽማግሌ ነው፣ ልጄ!» አሉ አጠገቡ የተኙት ሼህ ዘይነዲን።

«እርስዎ ዝም ይበሉልኝ፣ እሱን ነው የጠየቅሁት! ቁልቁል። ሙሽራው ለሙሽራዋ የሚያመጣው ልብስና ጌጥ፣ ሦስት ፊደል። ግብር!»

ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። እኔም ጠጋ አልኩት።

«ለባል ሚስቱ ምኑ ናት? ሁለት ፊደል። ጓድ!»

ሼህ ዘይነዲን በሳቅ ፈነዱ። ረጋሳ አፉን ከፈተ፤ ታገለ፣ ታገለና «ማ... ማሚቱ» አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ ማሚቱ ሦስት ፊደል ነው፣ ሳጥኑ ሁለት ነው!» እያልኩ ደረቱ ላይ ተደፍቼ አለቀስኩ። ከዚያ ጻፍኩት፤ «ቱ» ከሳጥኑ ውጭ ቀረች።

በሚቀጥለው ሳምንት መልሱ ወጣ። «ጎኑ» ይላል። አነበብኩለት። ረጋሳ ጋዜጣውን ከእጄ ተቀብሎ አየና፣ አንዱን ቃል ከሌላው እየጎተተ፣

«ጋዜጣው... ተሳስቷል» አለ።