ጫማችን እንዲታይ የተነሳነው ፎቶ

ልጆቼ፣ እኔ ፊደል ቆጥሬ ነው የቀረሁት። ስለ ስላይድ የማወራችሁም እዚያው ተቀምጣ እንዳየች አሮጊት ነውና፣ ብሳሳት ታገሱኝ።

መንደራችን ከቡልቡላ ወጣ ብሎ ነው። የጉድጓዳችን ውሃ ሲያዩት ኩልል ያለ ነው፤ ጥርስ ግን ያበላሻል። እሱን እየጠጣ ያደገ ልጅ ጥርሱ ቡኒ ይሆናል፣ ይሸራረፋል። ስለዚህ የኛ ሰው ፎቶ ሲነሳ አፉን ይገጥማል፤ ሲስቅም በእጁ ይሸፍናል። ሌላም ልማድ አለን፦ ፎቶ ከራስ ፀጉር እስከ ጫማ ካልሆነ ፎቶ አይባልም። ግማሽ ሰው ማንሳት ነውር ነው።

ታዲያ አንድ የእርዳታ ድርጅት ጥርስ የማይጎዳ ውሃ በቧንቧ ሊያስገባ መንደር እየመረጠ ነው ተባለ። ገንዘቡ የሚበቃው ለአንድ መንደር ብቻ ነው። ሁሉም ተወካይ ልኮ፣ ላንጋኖ ካለ አንድ ሆቴል ችግሩን በስላይድ እንዲያሳይ ተጠራ። ከኛ መሀል ላፕቶፕ የምትነካው ኤቢሴ፣ የጎረቤቴ ልጅ ብቻ ናት። አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ ትሰፋለች፤ በእረፍት ቀኗ ኮምፒውተር ተምራለች። ፈቃድ ወስዳ መጣችልን።

ፎቶ ልታነሳ ጉድጓዱ ጋ ሰበሰበችን።

«ቀረብ ብዬ የአንድ ሰው ፊት ላንሳ» አለች። «ለአንድ ስላይድ አንድ ትልቅ ፎቶ ነው የሚበቃው። ከኋላ የተቀመጠ ሰውም ማየት አለበት።»

የውሃ ኮሚቴው ሰብሳቢ ኦቦ ገመቹ ሳቁባት። «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ ይሄን ጫማ ከሻሸመኔ ያስመጣሁት አንቺ አንገቴን ብቻ እንድታነሺ ነው?»

«ኦቦ፣ እንግዶቹ ጫማዎን ሊያዩ አይደለም የሚመጡት...»

«እንግዲያ ምኔን? ወደ ኋላ ሂጂ! አሁንም ወደ ኋላ! ዳር የቆመውን ኢተፋን አስቀርተሽ ልታጣዪን ነው እንዴ?»

ወደ ኋላ፣ ወደ ኋላ ስትል አስፋልት ዳር ደረሰች። መንደሩ ሙሉ ገባ፤ አፉን ያልገጠመ ግን አንድም አልነበረም። ኋላ ላይ ቆርጣ ልታሳንሰው ብትል «የማንን እግር ልትቆርጪ?» ተባለች። ተወችው።

ላንጋኖ የሄድነው ሦስት ነን፤ ኤቢሴ፣ ኦቦ ገመቹና እኔ። አዳራሹ መጋረጃው ተዘግቶ ይሞቃል። ኤቢሴን ከግድግዳውና ከጠረጴዛው መሀል አቆሟት፤ በሩ ያለው ከእንግዶቹ ጀርባ ነው። ፎቶው ሲበራ እንደ ክብሪት እንጨት ተደርድረናል። ማን ማን እንደሆነ እኔም አልለየሁም። ከስሩ ደግሞ ኮሚቴው «ይሄም ይግባ፣ ያም ይግባ» ያለው ጽሑፍ እንደ ጉንዳን ፈስሷል። እሱን ስታነብ እንግዶቹ ስልካቸውን መነካካት ጀመሩ።

ሜሪ የምትባል፣ ከድርጅቱ የመጣች ሴት በትህትና ጠየቀች። «ይቅርታ፣ ሰዎቹ ደህና ናቸው። አለባበሳቸውም ያምራል። ችግሩን የቱ ጋ ነው የማየው?»

ኤቢሴ አፏን ሸፍና መለሰች፤ ማንም አልሰማትም። «ሻይ እንጠጣና እንቀጥላለን» ተባለ።

ኮሪደር ላይ ላብ አጥምቋት አገኘኋት።

«እማማ ፀዳለ፣ ስልኬ ላይ አንድ ፎቶ አለኝ» አለችኝ። «የራሴ ጥርስ ነው። ለሐኪም ልልክ ያነሳሁት፤ ከቅርብ ነው፣ ጥርት ያለ ነው። ግን ፋብሪካ ማስክ አድርገን ነው የምንሰራው። ምሳም ፊቴን አዙሬ ነው የምበላው። ማንም አያውቅብኝም። እዚህ ያለው ሰው ሁሉ ደግሞ ስልክ ይዟል፤ ዛሬውኑ ፌስቡክ ላይ ይወጣል።»

«የኔን አንሺያ» አልኳት።

«የርስዎማ የት አለና!» ሳቅ አመለጣት። እውነቷን ነው፤ ድዴ ብቻ ነው የቀረኝ።

ኦቦ ገመቹ ደረሱ። እሳቸው ጥርሳቸውን አዳማ አስተክለው ነጭ በነጭ ናቸው። ነገሩን ሲሰሙ «ኢንታላ ኮ፣ ሕፃናቱን አስቢ» አሉ።

ልጆቼ፣ ሕፃናቱን አስቢ ከተባለ በኋላ ሰው በየት በኩል ያመልጣል? እኔም «ተዪው» ልላት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ገና ጥርስ የምታበቅል የልጅ ልጅ አለችኝ። ዝም አልኩ። ዝምታዬም አንድ ግድግዳ ሆነባት።

ተመለስን። የመንደሩን ፎቶና ጽሑፉን ሁሉ አጠፋችው። የስልኳን ፎቶ ሳትለጥጥ ከዳር እስከ ዳር ሞላችው፤ ዓይኗን ቆርጣ አውጥታ አፏን ብቻ ተወች። አበራችው።

ግድግዳው በሙሉ ጥርስ ሆነ። ቡኒ፣ የተሸረፈ፣ ከስሩ የጠቆረ። ስልኩን የሚነካካው ሁሉ ቀና አለ።

«የማን ነው?» አለች ሜሪ ቀስ ብላ።

«የአንዲት ልጅ» ብትል ማን ይለያት ነበር? ኤቢሴ ወደ በሩ አየች። እንግዶቹ እንደተቀመጡ ናቸው።

«የኔ ነው» አለች። «ጡት ከጣልኩ ጀምሮ የጠጣሁት ያንን ውሃ ነው።»

ያን ጊዜ ስልኮቹ ተነሱ፤ ወደ ግድግዳው ብቻ ሳይሆን ወደሷም።

ሌሎቹ መንደሮችም አሳይተው ሲያበቁ ሜሪ የተመረጠው የኛ መንደር መሆኑን ነገረችን። ኦቦ ገመቹ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘረጉ። ሜሪ ቀጥላ «ይህን ፎቶ ብትሰጡን? በየስብሰባው እናሳየዋለን» ስትል፣ ኤቢሴ ሳትተነፍስ ኦቦ ገመቹ «ውሰዱት! የመንደሩ ነው!» አሉ።

ኤቢሴ እሳቸውን አየች፣ ከዚያ እኔን። ፎቶውን ፍላሽ ላይ ገልብጣ፣ ከላፕቶፑ ነቅላ ለሜሪ ሰጠቻት። «ትልቁን ኮፒ ነው የገለበጥኩላችሁ» አለች። «ትንሹን ስትለጥጡት ይደበዝዛል።»

ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ መስኮት ጥግ ተቀመጠች። ስልኳ ይንጫጫ ጀመር። ፎቶው ከኛ ቀድሞ ቡልቡላ ገብቷል፤ አዳማም ደርሷል።

«ምን ይላሉ?» አልኳት።

«አንዷ አለቀስኩ ትላለች። አንዱ ደግሞ 'ቀለም ቀቢው' ይላል። ፋዲላ፣ አጠገቤ የምትሰፋዋ ልጅ፣ 'ፊትሽን የምታዞሪው ለዚህ ነው እንዴ?' ብላ ጽፋልኛለች።»

«ተያት፣ አትመልሺላት።»

«ማንበቤን አይታዋለች፣ እማማ። አሁን ዝም ብልም መልስ ነው።»

እጇን ያዝኳት። መኪናው ጢም ብሏል፤ ከቡልቡላ በፊት የሚወርድ ሰው አልነበረም፤ እሷም መውረጃ አልነበራትም።